ዱላውን ከቃና አልተማርነውም

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከአምበር እስከ ቢቸና፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ሴት ተደፈረች ወይም ተደበደበች የሚል ወሬ በተነሳበት ሁሉ አንድ መልስ ቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጠላ ቤት ይሰማል፤ የወረዳ ስብሰባ ላይ ይሰማል፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ይሰማል። «ይኼ የኛ አይደለም። ፊልሙ ነው፤ ቃናው ነው፤ ቲክቶኩ ነው ልጁን ያበላሸው። ዱሮ ሴት ልጅ የተከበረች ነበረች።» ተናጋሪው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹ ያሳሰቡት አባት ነው፤ ወይም ተማሪዎቹ ከእጁ ያመለጡበት መምህር። መልሱ ግን ሐሰት ነው፤ ጥፋተኛውን በጓሮ በር የሚያስወጣ ሐሰት።

እስቲ ዘመኑን እንቁጠር። በቱርክ ድራማ የታወቀው ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዐሥር አገሮች ያስጠናውን የቤት ውስጥ ጥቃት ጥናት ይፋ ያደረገው ግን በ1998 ዓ.ም. ነበር። የኢትዮጵያው መረጃ የተሰበሰበው ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ቡታጅራ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነው። እዚያ ባል ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 ከመቶው በዕድሜያቸው አንድ ጊዜም ይሁን ደጋግሞ በሰውዬው ተመትተዋል ወይም ሳይወዱ ተገደዋል። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ይህን ያህል የደረሰ አልተገኘም። የትኛው የቱርክ ተዋናይ ቡታጅራ ገበሬ ቤት ገብቶ ነው ይህን ያስተማረው?

ቃና በተከፈተበት በዚያው በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ተካሂዶ ነበር። ሁለት ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ከሴቶቹ 74 ከመቶው በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ሬዲዮ አይሰሙም፣ ቴሌቪዥን አያዩም፣ ጋዜጣ አያነቡም። ከሴቶቹ 63 ከመቶው ደግሞ ባል ሚስቱን የሚመታበት በቂ ምክንያት አለ ይላሉ፤ ወጥ ካሳረረች፣ ሳትነግረው ከወጣች፣ ከተከራከረችው፣ ልጆቿን ችላ ካለች፣ አልተኛም ካለችው። እንዲህ የምትለው ደግሞ ከከተማዋ ይልቅ የገጠሯ ናት። አስተማሪው ስክሪን ቢሆን ኖሮ ቀድማ የምትበላሸው አዲስ አበባ ነበረች። ዱላን «ይገባኛል» ብላ የተቀበለችው ግን ከስክሪን ርቃ ያደገችው ሴት ናት።

በዚሁ ጥያቄ ላይ «ይምታት» ያሉት ወንዶች 28 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን አንስቶ «አያችሁ፣ ወንዱ ሠልጥኗል» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ወንዱ ለጠያቂ ምን መመለስ እንዳለበት ቀድሞ የተማረ ይመስለኛል። ሴቲቱ የመለሰችው ስትኖርበት ያየችውን ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ ማንም ሳያስበው በራሳችን ላይ የተደረገ ሙከራ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆየ። ቲክቶክ ጠፋ፤ ቴሌግራም ጠፋ። በስልክ ልጆቹን ያበላሻል የተባለው ሁሉ በአንድ ሌሊት ቆመ። ጥቃቱስ ቆመ? በዚያ ዘመን ስለ ክልሉ የወጡት የሰብአዊ መብት ሪፖርቶች አስገድዶ መድፈርን እየደጋገሙ ያነሳሉ። ባሕር ዳር ላይ የ7 ዓመት ሕፃን በግቢው ባለቤት ተደፍራ የተገደለችውም በ2015 ክረምት ነው። አገር የሰማውና የተንቀጠቀጠው ግን ከዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2016፣ እናቲቱ ወደ መገናኛ ብዙኃን ቀርባ ስትናገርና ንግግሯ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው። በዚህ ጉዳይ ስክሪኑ የሠራው ሥራ ካለ ሌላው ሁሉ ዝም ያለውን ማውጣቱ ነው።

እንግዲህ ከውጭ ካልመጣ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ሰው ፊቱን የሚያዞረው። ምክንያቱም መልሱ ሰርጋችን ውስጥ አለ።

የልጅነት ጋብቻ ከማንም ክልል በላይ የኛ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ 14.7 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረዋል፤ በአገሪቱ ከታየው ሁሉ ዝቅተኛው ዕድሜ ይህ ነው። ለዚያች ልጅ የሚዘፈነውን ዘፈን የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ብር አምባሩ ተሰበረ ተብሎ ሲበሠር ሙሽራው ጀግና ይባላል፤ ሚዜዎቹ ደም የነካውን ጨርቅ ይዘው ወደ ወላጆቿ ይገሠግሣሉ፤ ጥይት ይተኮሳል፤ እናቲቱ እልል ትላለች። እስቲ ዘፈኑን ያለ ዜማው አስቡት። አንድ አዋቂ ወንድ አንዲት ሕፃን ላይ ያደረገው ነገር ከጦር ሜዳ ድል ጋር በአንድ ቃል ተወድሶ፣ በጭብጨባና በከበሮ ታጅቦ ለመንደሩ ወንድ ልጅ ሁሉ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል። ስምንት ዓመት የሆነው የሙሽራው ታናሽ ወንድም ዳስ ውስጥ ቆሞ ያጨበጭባል። ሴት ልጅ ማለት የምትሰበር ነገር እንደሆነች፣ የሰበረ እንደሚወደስ፣ ማልቀሷም የወግ መሆኑን ያን ቀን ይማራል። ይህን ትምህርት ለመስጠት የትኛውም የቱርክ ድራማ አይበቃም። ድራማውን ሰው ተቀምጦ ያየዋል፤ ሰርጉን ግን ራሱ ይዘፍነዋል።

ዛሬ ሙሽራዋ ሃያ ዓመት ሞልቷት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ቦታ ሆኗልም። ዘፈኑ ግን አላደገም። ካሜራማኑ ቪዲዮውን ሲያቀናብር ያንኑ ዜማ ከሥሩ ያስገባል፤ ዘፋኙ በኪቦርድ ያድሰዋል፤ ዩቲዩብ ላይ «ባህላዊ የሰርግ ዘፈን» ተብሎ ይወጣል። የባህል ጠበቃው ያንን ሲያይ ይደሰታል። በሚቀጥለው ደቂቃ ደግሞ ስለ ቃና ያማርራል።

ፉከራውንና ቀረርቶውን እንዲሁ በጅምላ አልረግምም። የአድዋ ጎራዴና የአምስቱ ዘመን አርበኛ ያለ ቀረርቶ አይታሰብም፤ ጎጃምም በዚህ የምትኮራበት አላት። ችግሩ ጦርነት በሌለበት ቀን የት ይወርዳል የሚለው ነው። ገዳይ መባል ክብር ሆኖ ያደገ ጎረምሳ፣ ጠላት ሲያጣ፣ እምቢ ያለችውን ልጅ ጠላት ያደርጋታል። «ደፈረችኝ» ይላል። ይህን የሚል ወንድ የቲክቶክ ልጅ አይመስለኝም፤ ከቲክቶክ በጣም የቆየ አባት አለው።

አሁን የሚያናድደኝ ነገር ላይ ደረስሁ። ጎጃም ውስጥ የወንድ ፉከራ ብቻ አልነበረም። ሴቶቹም የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ የወፍጮ እንጉርጉሮ። ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ መጁን ይዛ ጎንበስ ቀና እያለች ሴቲቱ ባሏን፣ አማቷን፣ ያለ ዕድሜዋ የዳሯትን ወላጆቿን በግጥም ትከስሳቸው ነበር። ፊት ለፊት ሊባል የማይችለው በወፍጮ ድምፅ ተሸፍኖ ይባል ነበር። ከጥቃት ጋር የኖረች ሴት ያወረሰችን ትልቁ የቃል ሰነድ ይህ ነው። ቴሌቪዥኑ ምን አደረገለት? ለባህል ዝግጅት ካሜራ ይዞ ወደ ምሥራቅ ጎጃም በመጣ ቁጥር ወንዱን ዱላና ጠመንጃ አስይዞ ያስፎክራል፤ ኮረዳዋን ነጭ አልብሶ ትከሻዋን ያስመታል። እንጉርጉሮውን አይፈልግም፤ ያሳዝናል፤ ለበዓል አይሆንም። አሁን ወፍጮ ቤቱ ገብቷል፤ መጁም ቆሟል፤ የሚያውቁት እናቶችም እያለፉ ነው። ባህላችን ሲባል የቀረልን እንግዲህ ካሜራው የወደደው ግማሽ ነው፤ የመቺው ግማሽ። የተመቺዋ ግማሽ ሳይቀዳ ቀረ። መገናኛ ብዙኃን ጥፋት አለባቸው ከተባለ አንዱ ይህ ነው፤ የባህል ተቆርቋሪው ግን ሲያነሳው አልሰማሁም።

ሁለተኛው ጥፋታቸው ዜናው ነው። ሚስቱን ወይም ተለየችው የተባለችውን ፍቅረኛውን የገደለ ወንድ ዜና በሬዲዮ ሲነበብ አድምጡ። «በቅናት ተነሳስቶ» ይላል። «በመካከላቸው በተፈጠረ አለመግባባት» ይላል። ሟቿ ምን ሰዓት ከማን ጋር እንደታየች ይዘረዝራል። ገዳዩ ስሜት አለው፣ ታሪክ አለው፣ ምክንያት አለው፤ ሟቿ ዕድሜና ሬሳ ብቻ ናት። በሬ የሰረቀ ሌባ ዜና ሲሠራ «ሥጋ አምሮት ነው» ተብሎ አይጀመርም። ይህንን ዜና የጻፈው ቃና አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠውን ወረቀት እንዳለ የሚያነብ የኛው ጋዜጠኛ ነው፤ ወረቀቱን የጻፈውም የኛው መርማሪ።

ስለ ቱርክ ድራማው ካነሳን አይቀር፣ ለምን ይህን ያህል ተወደደ ብሎ የጠየቀ አለ? በቃና መጀመሪያ ሰሞን የአገር ቤት የፊልም ሰዎች ተሰብስበው ባህላችንን ሊያጠፋ ነው ብለው ጮኸው ነበር። ነገር ግን የቤት እመቤቷ ቡና አፍልታ ፊቱ የተቀመጠችው ባዕድ ስለሆነባት አይመስለኝም። ያለ ፈቃዷ የምትዳር ልጅ፣ ስለ ቤተሰብ ስም የሚገድል ወንድም፣ ምራቷን የምታንገላታ አማት፣ ስለ ክብር የሚመዘዝ ሽጉጥ፤ ይህ ሁሉ ደጇ ያለ ነገር ነው። ኢስታንቡል ውስጥ መንደሯን አየች። ድራማው አዲስ ነገር አላመጣም፤ ያለውን በጥሩ ልብስና በጥሩ መብራት አሳምሮ መለሰላት። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው፤ ግን ያንን ክፋት ከራሳችን ፊልም ጋር ይጋራዋል። የአማርኛ የፍቅር ፊልሞቻችን ስንት ዓመት ሙሉ እምቢ ያለችን ሴት እየተከተለ፣ እየጠበቀ፣ እያስቸገረ በመጨረሻ «እሺ» የሚያሰኝ ወንድ ሲያስቁብን ኖሩ? እምቢታዋ ማሽኮርመም እንደሆነ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሳቀ ተማረ።

ስልኩ ምንም አዲስ ነገር አላመጣም ማለቴ አይደለም። በፎቶ ማስፈራራት አዲስ ነው፤ ሴትን በሺህ ሰው ፊት በአንድ ቀን ማዋረድም አዲስ ነው። የማስፈራሪያው ጉልበት ግን ከየት ይመጣል? ፎቶው ሲወጣ የሚያፍረው ያወጣው ወንድ ሳይሆን ሴቲቱ በመሆኗ ነው። ያንን ፍርድ የሚሰጠው መንደሩ ነው። መንደሩ ፍርዱን ቢገለብጥ ስልኩ ባዶ ቀፎ ነው።

«ዱሮ ሴት የተከበረች ነበረች» ለሚለው ደግሞ ምስክር ከሩቅ አልጠራም። ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው፤ ደብረ ወርቅንና ዲማን በተማሪነት ያውቋቸው ነበር። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለዘራቸው የሚመጥን ጠፋ እያሉ የመጣውን ሁሉ ሲመልሱባት ዕድሜዋ ያልፋል። ልጅቱ የአባቷ ስም ማስያዣ ናት። ይህ የተጻፈው አገሩ ዲሽ ባላየበት ዘመን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ያላነበበውም ሰማ። ሰሚው ግን ፍቅሩን ያዘና አባትየውን ረሳ፤ የሁለቱን አፍቃሪዎች ዕጣ እያነሳ የሚያዝነው ሕዝብ ያንን ዕጣ ያመጣውን ሥርዓት በራሱ ቤት አስቀጠለ። በመጽሐፉ ውስጥ ጥፋቱ ከሥርዓታችን ነው የሚለው ካሣ ዳምጤ «ጉዱ ካሣ» ተብሎ እንደ እብድ ይቆጠራል። ዛሬም ሰርግ ላይ ተነስቶ ይህ ዘፈን ይቅር የሚል ሰው ሌላ ስም አያገኝም።

ሕጉ ራሱ ከዘፈኑ ብዙ አልራቀም ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴትን ጠልፎ ወይም ደፍሮ ያገባን ወንድ፣ ጋብቻው ከጸና፣ ከቅጣት ያስመልጥ ነበር። ያ ዐንቀጽ የተወገደው በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው። በመካከሉ ያለው ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ዘመን ነው። አርሲ ውስጥ በ14 ዓመቷ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችው የአበራሽ በቀለ ጉዳይም የዚያ ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ነፃ ወጣች።

ታሪኩ «ድፍረት» ተብሎ ፊልም ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የተመልካች ሽልማት አገኘ። አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ በታደመበት ምሽት ግን በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ አቤት ባይዋ አበራሽ ራሷ ነበረች፤ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተሠራ ብላ። ይህን የማነሳው ፊልሙን ለማጣጣል አይደለም። ጠለፋን እንደ ወንጀል፣ ልጅቱን እንደ ሰው ያሳየ ሥራ ነው። ግን ስለ ተጎዳች ሴት እንናገራለን የሚሉ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ተናጋሪው እኛ ሆነን እንዳንቀር መጠንቀቅ አለብን።

ከተቃዋሚዎቼ ጋር የምስማማበት አንድ ነገር አለ። መገናኛ ብዙኃን ሰውን ይለውጣሉ። ክፉውን ይለውጣሉ ብለው የሚያምኑ ግን በጎውንም እንደሚለውጡ ማመን አለባቸው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍል የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ የገጠሩን ሰው ስለ ጋብቻና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሲያወያይ ኖሯል፤ አድማጩ በሺዎች ደብዳቤ ጽፎለታል። በ2005 የተጀመረው «የኛ» በአምስት ልጃገረዶች ሙዚቃና ድራማ ስለ ልጅነት ጋብቻና ስለ ጥቃት በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ ሲያወራ ነበር፤ በ2009 የእንግሊዝ ጋዜጦች ሲያላግጡበት መንግሥታቸው ገንዘቡን አቋረጠ። በዐሥራ ስድስት ዓመታት ውስጥ፣ ከ1992 እስከ 2008 ዓ.ም.፣ «ባል ቢመታኝ ይገባኛል» የሚሉት ሴቶች ከ85 ወደ 63 ከመቶ ወርደዋል። የወረዱት ሬዲዮ፣ ትምህርት ቤትና ስልክ ወደ ገጠር በገቡበት ዘመን ነው። ስክሪኑ አበላሸን የሚለው ሰው ይህን ቁጥር የት ያደርገዋል?

ድራማ ብቻውን ሁሉን ይፈታል የሚሉት ደግሞ ሞሰቦን ይዩ። ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶቹን በቡድን አሰባሰቡ፤ ደብተርና እርሳስ ሰጡ፤ ወላጆች ልጃቸውን ሁለት ዓመት ሳይድሩ ቢያቆዩ በግ ይሰጣቸው ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የመዳር ዕድል ከማወዳደሪያው ቀበሌ ወደ ዐሥር እጅ ያነሰ ሆነ። አባትየው ስብከት አላነሰውም ነበር፤ ልጁን የሚያቆይበት ምክንያት ነበር ያነሰው። ዘፈን ይለወጥ ስል እንግዲህ በጉና ደብተሩ ይቅር ማለቴ አይደለም።

የሰርግ ዘፋኞች፣ ብር አምባሩን ተዉት። የሙሽራ ውበት፣ የእናት ስስት፣ የሚዜ ቀልድ፣ የአገር ምርቃት ሞልቶላችሁ ያንን አንድ ዘፈን ስለጣላችሁ ሰርጉ አይቀዘቅዝም። የአማራ ሚዲያ የባህል አዘጋጆች፣ በሚቀጥለው ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ስትወጡ ጠመንጃ የያዘውን ጎረምሳ አልፋችሁ የወፍጮ እንጉርጉሮ የሚያውቁ እናት ያሉበትን ቤት ጠይቁ፤ ጊዜ የላችሁም። የወንጀል ዜና የምታነቡ ጋዜጠኞች፣ የገዳዩን ቅናት ለጠበቃው ተዉለት። ሽማግሌ የምትቀመጡ አባቶች፣ የተደፈረችን ልጅ ለደፋሪዋ ድራችሁ ነገሩን አበረድነው አትበሉ። ያንን የሚፈቅደው ዐንቀጽ በ1997 ዓ.ም. ተሰርዟል፤ ያለ ዕድሜዋ ያገባትም ልጅቱ 13 ዓመት ካልሞላት እስከ 7 ዓመት ይታሰራል።